በሙሉነሽ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ቃል

የትርጉም ቤቴን የዘጋሁት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበረች። ታፔላውን ሳወርድ ጎረቤቴ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ ሰናይት፣ በመጨረሻ ስልኩ አሸነፈዎት?» አለኝ።

«ዕድሜ ነው እንጂ ስልክ አይደለም» አልኩት። ስልሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል ወገቤ እምቢ ብሏል።

ስልኩም ግን ድርሻ እንዳለው አልክድም። ድሮ ሰው የሦስት መስመር ደብዳቤ ይዞ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ታክሲ ተሰልፎ ሳለ ራሱ ያስተረጉመዋል። አልከፋኝም። ስልኩ ከእኔ የበለጠ ብዙ ቃል ያውቃል፣ አይደክመውም፣ ምሳ አይወጣም። አንዳንዴ ብቻ ይስታል። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ከውጭ ድርጅት የተሰጣትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ በስልኳ ወደ አማርኛ አስተርጉማ፣ «ማህተም ብቻ ያድርጉልኝ» ብላ መጣች። ደብዳቤው መጋዘኑን በኃላፊነት ትመራ እንደነበር ነው የሚናገረው። የስልኩ ትርጉም ግን «በመጋዘኑ ጉዳይ ተከስሳ ነበር» ይላል። «ቻርጅ» የሚለው ቃል ክስም ነው፣ ኃላፊነትም ነው፣ ባትሪ መሙላትም ነው። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔም አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ማሽን ሳልሆን፣ የሴትየዋን ፊት እያየሁ።

ያደግኩት ነፋስ ስልክ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የጽሕፈት መኪና ትምህርት እንደወሰድኩ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። አለቃዬ እንግሊዝኛ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ካይንድሊ» የምትባለዋ ቃል የሌለችበት ደብዳቤ ከእጃቸው አይወጣም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንኳን «እባክዎን በትህትና» ብሎ ይጀምር ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን የመጀመሪያዎቹን የእንግሊዝኛ ትምህርቶቼን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስፌት መኪና የተማርኩት እዚያ ነው።

አዳዲስ መኪኖች ሊተክሉ የውጭ አገር ቴክኒሻኖች ሲመጡ፣ ከቢሮው ሁሉ ወጣቷ እኔ ስለነበርኩ አስተርጓሚ አድርገው ሰደዱኝ። አንደኛው ቴክኒሻን መኪናዋን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠና፣ «ቱ ማች ቴንሽን!» ብሎ ጮኸ። እኔ «ቴንሽን»ን የማውቀው ከሬዲዮ ዜና ነው፤ በሁለት አገሮች መካከል የሚፈጠር ውጥረት። ለሰፊዎቹ ዞር ብዬ፣ «በመካከላችሁ ጸብ አለ ይላል» አልኳቸው። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ደንግጣ፣ «ትናንት በምሳ ሰዓት የተጨቃጨቅነውን ማን ነገረው?» አለች። ሰውየው ግን የሚያወራው ስለ ክሩ ነበር። ክሩ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ ይላላ ማለቱ ነው። ጣቱን ክሩ ላይ አድርጎ ሲያሳየኝ ከአፍረቴ ጋር አንድ ነገር ገባኝ። ያው ቃል እንደ ሄደበት ቤት ሥራውን ይቀይራል።

በስምንተኛው ዓመት ፋብሪካው የቢሮ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ሥራ ፍለጋ ብዙ አልተንከራተትኩም። ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ጋሽ ተካ የሚባሉ ሰው የትርጉም ቢሮ ነበራቸው፤ ጸሐፊ እንደሚፈልጉ ሰማሁና ሄድኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በየቀኑ ከረባት የሚያስሩ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው ናቸው። ለፈተና አንድ ገጽ ሰጡኝ። አምስት የማላውቃቸው ቃላት ነበሩበት፤ አምስቱንም ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ፣ ተርጉሜ ሰጠኋቸው። አነበቡና፣ «የማታውቂያቸውን በደንብ ፈልገሻል። ያወቅሻቸውንስ?» አሉኝ።

«የማውቀውን ለምን እፈልጋለሁ?»

«የማታውቂው ቃል ያስፈራሽና ትጠነቀቂያለሽ። የሚያስተኛሽ የምታውቂው ነው።»

ያኔ የሽማግሌ ነገር ማብዛት መሰለኝ። ግን ራሳቸው እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ቃል እንኳን መዝገበ ቃላት ገልጠው ያዩታል። አዲስ ቃል ሲያገኙ ብቻውን አይጽፉትም፤ ካገኙበት ዓረፍተ ነገር ጋር ሙሉውን ይገለብጡታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሥራው አልቆ ማህተም ከመመታቱ በፊት ባለጉዳዩን ያስቀምጡና የእንግሊዝኛውን ወረቀት እያዩ በአማርኛ ይነግሩታል። ከአማርኛው ዋና ቅጂ አያነቡም፤ እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ነው የሚነግሩት። «ስለ እርስዎ እንዲህ ይላል። ልክ ነው?» ይላሉ። ሰውየው ልክ ነው ካለ ማህተሙን ያነሳሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ አዳኑኝ። አንድ ሰው ውጭ አገር የሞቱ ወንድሙን ውርስ ለመከታተል የሞት ማስረጃ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ስለ ሟቹ «ዳይድ ዊዝአውት ኢሹ» ይላል። እኔ «ኢሹ» ጉዳይ፣ ችግር እንደሆነ አውቃለሁ። «ያለ ምንም ችግር አረፉ» ብዬ ጻፍኩና፣ እንኳን ሳይሰቃዩ ሞቱ ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። ጋሽ ተካ ሲያነቡት መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «ልጅ ሳይተኩ ሞቱ ነው የሚለው፣ ሰናይት። የሰውየው ውርስ በሙሉ እዚህች ቃል ላይ ነው የተንጠለጠለው።» ልጅ ከሌላቸው ወራሹ ወንድማቸው ነው፤ እኔ በጻፍኩት ቢሄድ ግን ፍርድ ቤቱ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚያውቅበት ነገር አልነበረም። አብረን ሳቅን፣ አስተካከልኩት፣ አለፈ።

ሙሉነሽ የመጣችው በሁለተኛው ዓመት ነው። ጋሽ ተካ እህታቸው አርፈውባቸው ለሁለት ሳምንት ወደ አገር ቤት ሄደው ነበር። ሲሄዱ የማህተሙን ቁልፍ ሰጥተውኝ፣ «የሚያስቸኩል ካልሆነ እስክመለስ አቆዪው» ብለውኛል። ሙሉነሽ ግን ለሚቀጥለው ቀን ጠዋት ነው የምትፈልገው። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ እጇ ከውሃና ከእንፋሎት ብዛት የተላጠ ሴት ናት። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የተሻለ ቦታ ለመወዳደር የሥራ ልምዷን ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ነበረባት።

«እህቴ፣ አደራ፣ ጥሩ አድርገሽ ጻፊልኝ» አለችኝ።

«አይዞዎት፣ ያስቀጥርዎታል» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት።

የአማርኛው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ሥራቸውን በትጋት ሲያከናውኑ ቆይተዋል» ይላል። በትጋት። «ሀርድ» ጠንካራ ነው፤ «ወርክ ሀርድ» ጠንክሮ መሥራት እንደሆነ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ መሰለኝ። በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ለመናገር በቃሉ መጨረሻ ላይ «ሊ» ይጨመራል ተብሎ ነው። «ኩዊክ» ፈጣን፣ «ኩዊክሊ» በፍጥነት፤ «ስሎው» ቀርፋፋ፣ «ስሎውሊ» በዝግታ። እንግዲያው «ሀርድ» ጠንካራ ከሆነ «ሀርድሊ» በትጋት ነው አልኩ። ቃሏን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ጻፍኳትና አላማረችኝም፤ ከግሱ በፊት አመጣኋት። «ሺ ሃዝ ሀርድሊ ወርክድ።» አሁን አማረ። የተማረ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

ለሙሉነሽ ምን እንደሚል አልነገርኳትም። ታክሲ እንዳያመልጣት ቸኩላለች፣ እኔም ሌላ ሰው ይጠብቀኛል። ማህተሙን መትቼ ሰጠኋት። መርቃኝ ወጣች።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት፣ ጋሽ ተካ እርሳቸው በሌሉበት የወጡትን ግልባጮች አንድ በአንድ ያነቡ ነበር። አንዱን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«የወረቀቱ ባለቤት እዚህ እንደተቀመጠች አድርገሽ ንገሪያት» አሉኝ።

አነበብኩ። «ሥራቸውን በትጋት ሠርተዋል።»

«የፈለግሽውን አይደለም። የጻፍሽውን።»

ደግሜ ያንኑ አልኩ። መዝገበ ቃላቱን ገፋ አደረጉልኝ። ከፈትኩት። «ሀርድሊ» ማለት እምብዛም፣ ከናካቴው የለም ለማለት ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ጽሑፉን እንደገና አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት የደም አንሶላ ያጠበችው ሴት ወረቀት፣ በእኔ እጅና በጋሽ ተካ ማህተም፣ «ይህች ሴት እምብዛም አልሠራችም» ይላል። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ።

«ተነሺ፣ አድራሻዋን ፈልጊ» አሉ ጋሽ ተካ። ከረባታቸውን እያስተካከሉ ነበር።

ሆስፒታሉ ሄደን ስንጠይቅ የእረፍት ቀኗ ነው ተባልን። ቤቷ ፉሪ ነው። ያኔ ፉሪ እንደ ዛሬው በቤት አልተሞላም፤ ከአስፋልቱ ወርደን ጭቃውን እየዘለልን፣ ሰው እየጠየቅን ደረስን። ሙሉነሽ በር ላይ ድንች ስትልጥ አገኘናት። እንዳየችኝ ደስ አላት። መልካም ዜና ያመጣንላት መስሏት ነበር፤ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያመኝ ያ ፈገግታዋ ነው።

ቆሜ ነገርኳት። አልሸፋፈንኩም፤ ብሸፋፍንም ጋሽ ተካ አጠገቤ ነበሩ። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሦስት ቦታ ወስጄዋለሁ» አለች። «ሆቴሉ ጋ፣ የፈረንጅ ትምህርት ቤቱ ጋ፣ የሕፃናት ማሳደጊያው ጋ። ማሳደጊያው ያለችው ሴትዮ አነበበችና ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ልብሴን መስሎኝ ነበር።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ልብሴን መስሎኝ ከጎረቤቴ ኮት ተውሼ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት።

«ሥራ ፈት ነች ብለሽ ነው እኮ የጻፍሽው! እኔን?» እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ። ማየት አልቻልኩም።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ የተበላሸውን ሙሉ በሙሉ እንመልሰዋለን ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ሦስቱም ቦታ አብረን እንሄዳለን» አሏት።

በማግስቱ አዲስ ትርጉምና ስህተቱ የቢሯችን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ አዘጋጁ። ፊርማው ቦታ ላይ ስማቸውን ሲጽፉ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ፣ የእኔ ስም ይሁን» አልኩ። «ማህተሙ የእኔ ነው» አሉና ፈረሙ።

ሆቴሉ ሰው ቀጥሯል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ደብዳቤውን ተቀበለን እንጂ አላስገባንም። ማሳደጊያው ያለችው ሴት ፈረንጅ ነች፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ተነስታ ሙሉነሽ ጋ መጣችና እጇን ይዛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለችኝ ሙሉነሽ።

«እጅዎን አይቼ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ወረቀቱን ብቻ አመንኩ፣ ነው የምትለው።»

ቦታው ግን ተይዟል። የተቀጠረችውን ሴት ማስወጣት አይቻልም፤ ሙሉነሽም እንዲያ እንዲሆን አልፈለገችም። ባዶ እጃችንን ወጣን። ይህን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፤ ያ የተሻለ ሥራ ዳግም አልመጣላትም። አንዳንድ ስህተት ይቅርታ ቢጠየቅበትም አይመለስም።

ታክሲ ስንጠብቅ ሙሉነሽ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ?»

«የፈለጉትን።»

«አስተምሪኝ። ከአሁን በኋላ ስለ እኔ የሚጻፈውን ራሴ ነው የማነበው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነፋስ ስልክ ቤታችን መጣች። ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች ስለሆነች የእንግሊዝኛውን ፊደል ታውቃለች። መማሪያ መጽሐፍ ገዝቼ ነበር፤ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ «ይሄ ልጅ ኳስ ቢመታ እኔ ምን አገባኝ?» ብላ ዘጋችው። ከቦርሳዋ የሳሙና ካርቶን ክዳን አወጣች። ላዩ ላይ ያለውን ነው መማር የምትፈልገው። «ሶክ» መዘፍዘፍ፣ «ሪንስ» ማለቅለቅ፣ «ስቴይን» እድፍ። በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከአውቶቡስ ጀርባ፣ ከሆስፒታሉ ግድግዳ እየገለበጠች ትመጣለች። ያላገኘችውን ቃል አትማርም።

እኔን ግን እርሷ ነች ያስተማረችኝ። አንድ ቅዳሜ፣ «‹ሊ› ሲጨመርበት የሚከዳው ያ ያንቺ ቃል ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከጋሽ ተካ ጋር ፈለግን። «ሌት» ዘግይቶ ነው፤ «ሌትሊ» ግን ሰሞኑን ነው። «ኒር» ቅርብ ነው፤ «ኒርሊ» ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ቅዳሜ ስትመጣ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። «ብዙ ናቸዋ! እኔ አንቺን ብቻ ነው የወቀስኩት» አለች። ስለዚያ ጉዳይ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ማለቱን ትቼ «እትዬ ሙሉ፣ አንቺ» ማለት ጀመርኩ፤ እርሷው ነች ተይ ያለችኝ።

ሁለት ዓመት ከምናምን ተማርን። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሰኞ ከሥራዋ በቀጥታ ቢሮ መጣች። የሆስፒታሉን ልብስ በከረጢት ሲያራግፉላቸው አንዷ ከረጢት ላይ «ሻርፕስ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አየች። «ሻርፕ» ስለታም ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ግን ቆም አደረገቻት። ባልደረባዋ ከረጢቱን ፈትታ እጇን ልታስገባ ስትል፣ «ተይ! አትንኪ!» ብላ ጎተተቻት። ነርስ ተጠርታ ስታይ፣ ውስጡ ያገለገለ መርፌና ምላጭ ነበር፤ በስህተት ከአንሶላ ጋር የመጣ። «ስለታሞች ማለት ነው፣ አይደል? ብዙ ስለታም ነገሮች» አለችኝ። ነው አልኳት። ጋሽ ተካ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ነሷት። በዓመቱ የክፍሉ ኃላፊ አደረጓት፤ አዲሶቹ ማጠቢያ መኪኖች ሲመጡም መመሪያውን አንብባ ለሌሎቹ ያስረዳችው እርሷ ነች።

ጋሽ ተካ ጋ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከደከማቸው በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይመጡና የጻፍኩትን ያነቡ ነበር። ካረፉ በኋላ የራሴን ፈቃድ አውጥቼ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ቢሮ ከፈትኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ወረቀት በእጄ እንዳለፈ አላውቅም። የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የትምህርት ማስረጃ። «ወንድሜ» ብሎ የሚያወራለት ሰው የአጎቱ ልጅ መሆኑን ለመናገር ሰዓት የፈጀብኝን ሰው አስታውሳለሁ፤ እንግሊዝኛው ወንድምና የአጎት ልጅን ይለያል፣ የእርሱ ልብ ግን አይለይም ነበር። አንዲት እናት የልጇ የደም ምርመራ «ፖዚቲቭ» ሆነ ሲባል መልካም ነገር መስሏት እልል ስትል ደርሼ፣ አስቀምጬ፣ በሽታ ተገኘ ማለት እንደሆነ ቀስ ብዬ ያስረዳሁበትን ቀንም አልረሳውም። ባለጉዳይን ሳላስቀምጥ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳልነግረው ማህተም የመታሁበት ቀን ግን ከሙሉነሽ ወዲህ የለም። ሰው ይቸኩላል፣ ይቆጣል፤ «ይበሉ እንጂ፣ እትዬ!» ይላል። አስቀምጠዋለሁ።

ቢሮውን ከዘጋሁ ከሁለት ወር በኋላ የቀኝ ዓይኔን ሞራ አስወጣሁ። ልጆቼ ሥራ ላይ ስለነበሩ ይዛኝ የሄደችው እትዬ ሙሉ ነች። ሰባዎቹን አጋምሳለች፤ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ያው ከእኔ ትፈጥናለች። ዓይኔ በጨርቅ ታስሮ፣ ሌላውም በተጨመረበት ጠብታ ደብዝዞ መተላለፊያው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጥታን ሄደች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዓይኔ ላይ ባስጠጋው ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«አምጪው እስቲ» አለች እትዬ ሙሉ። የመነጽሯን ቤት ስትከፍት ሰማሁ። እያንዳንዱን ቃል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እንደምታነብ አውቃለሁ።

«ምን ይላል?»

«ቆይ፣ አታቻኩዪኝ።» ትንሽ ቆየች። «የቀኙ ተሠርቷል፣ ደህና ነው፤ ጠብታ በቀን አራቴ ይላል። የግራው…» ቆመች።

«የግራው ምን?»

«‹አንሪማርከብል› ይላል።»

ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ በሕክምና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ተርጉሜዋለሁ። ግን አፌን ያዝኩ። ወረቀቱ በእርሷ እጅ ነው፣ የምትነግረኝም እርሷ ነች። ስታስብ ጠበቅኳት።

«የሚወራለት ነገር የለውም ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ሐኪም ስለ ዓይንሽ የሚያወራው ካጣ ደስ ይበልሽ። ጤነኛ ነው፣ ሰናይት።»

እጇን ፈልጌ ያዝኩት። እስከ ዛሬም ሻካራ ነው።

«ቀጥዪ» አልኳት። ቀጠለች።